የአማቴ ፍንጭትና የባሌ ቀን አጻጻፍ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። ጥርስ ሠሪ ነው፤ ሐኪሞች የነቀሉትን እሱ ይተካል። ስሙ የወጣለት ነጭ ጋውን ስለሚለብስና ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ከሰውየው አፍ ስለማይነቅል ነው። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ይል ነበር። ቆይቶ ዝም ብሎ ፈገግ ማለት ጀመረ። አሁን መንገድ ላይ አንድ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ቢጠራው ዞር ብሎ የሚያይ አይመስለኝም።

እኔ ሚስቱም ሠራተኛውም ነኝ። የሰው አፍ በትንሽ ካሜራ ይቀረጽና ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ የጎደለውን ጥርስ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እስላለሁ፤ ጥግ ያለችው ማሽን እየጮኸች ትፈለፍለዋለች። ከዚያ ባሌ ቀለሙን ያስተካክላል፣ ያወለውለዋል፣ ምስጋናውንም ይቀበላል። ድሮ የያንዳንዱ ደንበኛ አፍ በጄሶ ተቀርጾ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መንጋጋ ነበር፤ ብቻዬን ስሆን ሁሉም የሚስቁብኝ ይመስለኝ ነበር። ካሜራው በገባ በሳምንቱ ባሌ «ከእንግዲህ ጄሶ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አላይም» ብሎ መደርደሪያውን አስነቀለው። በቦታው ትልቅ መስታወት ሰቀለ፤ ራሱን የሚያይበት ነው።

ስለዚህ የሰው አፍ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ገባ። ስሙን «አፎች» አልኩት። ኮምፒውተሩ ደግሞ በየጊዜው ይግላል፣ ያቃስታል፣ አንዳንዴም ምንም ሳንለው ጥፍት ይላል። የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ወንድሜ አንድ ቀን መጥቶ ሁኔታውን አየና ራሱን ያዘ።

«ይሄ ሳጥን ነገ ቢሞት የዚህ ሁሉ ሰው አፍ አብሮት ሊቀበር ነው?» አለኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርጎ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ አሠራር አስተማረኝ። ስክሪኑ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትዕዛዙን አብሮኝ ጻፈ። ማታ ከመውጣቴ በፊት አንዲት ቁልፍ ስጫን «አፎች» በሙሉ ይታሰርና ሌላ ዲስክ ላይ ይቀዳል፤ ስሙ ላይ የዕለቱ ቀን ይጨመርበታል። «ቀን ካልጨመርሽበት የዛሬው የትናንቱ ላይ ይጻፍበታል፤ ያኔ ያለሽ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸው ሊሆን ይችላል» አለኝ። ቀኑን የምትሞላው ዴት የምትባል ትንሽ ትዕዛዝ ናት። ከጎኗ የመደመር ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ የመቶኛ ምልክትና ፊደል፤ ለዓመት አንድ ፊደል፣ ለወር አንድ፣ ለቀን አንድ።

«ዓመት፣ ወር፣ ቀን። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ» አለ ወንድሜ ጣቱን ቀስሮ። «ማሽን ስም የሚደረድረው ከፊት ጀምሮ ነው። ዓመቱ ከቀደመ አሮጌው ከላይ፣ አዲሱ ከታች ራሱ ይሰለፍልሻል።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ለጥቂት ሳምንታት ፋይሎቼ ተራቸውን ጠብቀው ተሰለፉ። እኔም ከሥራዬ ሁሉ ያችን ሰልፍ ማየት ነበር ደስ የሚለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው? ለምንድነው ከዓመት የሚጀምረው?»

«ሰልፉ እንዳይዛባ ነው። ወንድሜ ነው ያለኝ።»

«ወንድምሽ ቀጠሮ ሲይዝ ከዓመት ነው የሚጀምረው? ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው የሰው አጻጻፍ። ደንበኛ ቢያየው ምን ይለናል?»

«ደንበኛ ባክአፕ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ጉዳዩ እሱ አይደለም። ጉዳዩ ሥርዓት ነው።»

ባሌ ሥርዓት የምትለዋን ቃል ካነሳ ቶሎ አይጥላትም። ማሽን እንደ ሰው እንደማያነብ ልነግረው ሞከርኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማሽኑ ነው ለኛ የተሠራው ወይስ እኛ ለማሽኑ?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቅ መልስ መስጠት እንደ ብልግና ይቆጠራል። ተነሳሁለት። ተቀመጠና በሁለት ጣቱ እየለቀመ ፊደሎቹን አቀያየራቸው። ቀን ቀደመ፣ ወር ተከተለ፣ ዓመት ጅራት ሆነ። አንጀቴ እያረረ «ይሁንልህ» አልኩት። ለመጣላት የሚበቃ ሌላ ብዙ ነገር ስለነበረን ለቀን አጻጻፍ ብዬ ትዳሬን አላምስም አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዲስኩ ሞላ። ባሌ የሆነ ቦታ ያነበባትን አንዲት መስመር አመጣ፤ ስሞቹን በተራ ታሰልፋለች፣ ከታች ያሉትን የመጨረሻዎቹን አሥር ታስቀራለች፣ የቀረውን ትጠርጋለች። ከኔ ባክአፕ ጋር አቆራኛት፤ ማታ ማታ እኔ ቁልፏን ስጫን መጀመሪያ ትቀዳለች፣ ቀጥላ ትጠርጋለች። የወሩ መጨረሻ አካባቢ ስለነበር ሲሞክራት በትክክል ሠራች። አሮጌዎቹ ሄዱ፣ አዲሶቹ ቀሩ። ባሌ ያን ሰሞን ለሚመጣው ሁሉ ስለዚያች መስመር አወራ። ጥርሱን ሊያሠራ የመጣ ሰው አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ ስለ ባክአፕ ጥረጋ ሲሰማ ውሏል፤ መልስ መስጠት እንኳን አይችል ምስኪን።

ጥረጋው ከተጀመረ ግማሽ ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ አሁን ወደ አማቴ ልምጣ።

አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። አሁንም በዚያ ዕድሜያቸው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መሀል ፍንጭት ነበራቸው፤ የሚያምር፣ ሲስቁ ቀድሞ የሚታይ። ሁለቱም እጃቸው ጨርቅ ሲይዝ ክራቸውን በዚያ ፍንጭት ነክሰው ያቆዩታል። ሟቹ ባላቸው መጀመሪያ ያያቸው በስፌት ቤቱ መስኮት ነው፤ ክር በጥርሷ ይዛ የምትስቅ ልጅ አየ፤ በማግስቱ ደህናውን ሱሪውን ቀዶ ይዞ መጣ። ይህን ታሪክ ከሰው ሁሉ ፊት ያወሩታል፣ ሁልጊዜም እሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

ድዳቸው ግን ከዳቸው። ጥርሶቻቸው አንድ በአንድ መነቃነቅ ጀመሩ። ሐኪሙ አይቶ የሚተርፍ የለም፣ ሁሉም ይውጣ አለ። እኛ ዘንድ መጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጥርሱ ይሂድ፣ ግድ የለም» አሉ። «ፍንጭቴን ግን እንደነበረች መልሱልኝ። ኋላ ሰማይ ቤት ስሄድ ሰውየው በምን ያውቀኛል?»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ዓይናቸው ግን እየሳቀ አልነበረም፤ እኔ አይቻለሁ። «እማ፣ እንደነበረች ነው የምንመልስልዎት» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ጥርሶቹ ገና አፋቸው ውስጥ ሳሉ በካሜራው ቀረጽኳቸው። ፍንጭቷን ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር ደጋግሜ አነሳኋት። ወሩ ገና መግባቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ሁሉንም ነቀላቸው። ከዚያ በኋላ ያች ፍንጭት ዓለም ላይ ያለችው «አፎች» ውስጥ ብቻ ነበር።

ባሌ «የእናቴን ማንም አይነካብኝም፤ ራሴ ነኝ የምሠራት» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ ጥሩነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ካልጨመረበት አይረካም። ድዱ እስኪሽር ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ነበረብን። አማቴ ለስላሳ ነገር እየበሉ፣ ሲያወሩ ሻሽ አፋቸው ላይ አድርገው፣ ደንበኞቻቸውን በምልክት እያስተናገዱ ጠበቁ። ስልክ ሲደወልላቸው አያነሱም። «ድምፄ የአሮጊት ሆኗል» ይሉኛል።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ባሌ አዲስ ጋውን ለበሰ። ጥርሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣውና በሁለት እጁ ሰጣቸው። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን አስገቡት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ መስታወት ዞሩ።

ጥርሶቹ ያምሩ ነበር። ይህን አልክድም። ነጭ፣ እኩል፣ እንከን የለሽ። በማስታወቂያ ላይ የሚታዩ ዓይነት። አማቴ ከንፈራቸውን ገልጠው አዩ፤ ጠጋ ብለው አዩ፤ ከዚያ ምላሳቸው ከውስጥ ሲፈልግ ጉንጫቸው ላይ ታየኝ።

«የታለች?» አሉ።

«ምኗ?» አለ ባሌ፤ ገና ፈገግ እንዳለ ነው።

«ፍንጭቴ።»

«ዘጋኋት! አየሽ እንዴት እንዳማረብሽ? ሃያ ዓመት ነው የቀነስኩልሽ፣ እማዬ።»

አማቴ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያላመርኩት?» አሉት።

ባሌ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አማቴ ጥርሱን አወጡና መዳፉ ላይ አስቀመጡለት፤ አፋቸውን በሻሽ ሸፈኑ። «እንደነበረች አድርገህ መልስልኝ» አሉት። ቃሉ በሻሹ ውስጥ ሲወጣ የተሰባበረ ነበር። ያኔ ነው ፊቱ ትንሽ የተለወጠው። ያኔም ቢሆን በጣም አልደነገጠም።

«ምንም ችግር የለም። ባክአፕ አለን» አለ።

ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አድርጎበት ነበር። ስካን ባደረግኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ እኔ በሌለሁበት ቀን፣ ፍንጭቷን ዘግቶ እዚያው ላይ ሴቭ። ለምን በሌላ ስም አላስቀመጥክም ስለው «ባክአፕ እንዳለ ስለማውቅ ነዋ!» አለኝ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ፤ ግን ባክአፑ አለ ብዬ ራሴን ያዝኩና ዲስኩን ከፈትኩ።

አሥር ፋይሎች አሉ። ስማቸውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ኮምፒውተሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሄድ ሁሉም በሠላሳና በሠላሳ አንድ የሚጀምሩ ናቸው። ሌላ ቁጥር የለም። አንድ ሰው ያን ሰልፍ ቢያይ እኛ የምንሠራው የወር መጨረሻ ቀን ብቻ ነው፣ የቀረውን ስንተኛ ነው የምንውለው ብሎ ይደመድማል።

ከዚያ ገባኝ። ቀኑ ስለቀደመ ማሽኗ የምታየው ቀኑን ነው። ወር ሲብት የአንደኛው ቀን ባክአፕ ከሰልፉ ራስ ላይ ይቆማል፤ ያለፈው ወር ሠላሳኛ ደግሞ ታች። የባሌ መጥረጊያ ከታች አሥሩን ታስቀርና ከላይ ያለውን ትጠርጋለች። እኔ ማታ ቁልፏን ስጫን የዕለቱ አፍ ሁሉ ይቀዳል፤ ከደቂቃ በኋላ እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ይጠረጋል። ወሩ ሊያልቅ ሲል የሚመጡት ብቻ ይተርፋሉ። እኔ ደግሞ በየማታው ቁልፏን ተጭኜ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ በእፎይታ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከስካኑ በፊት የነበረውን ወር መጨረሻ ከፈትኩ። አማቴ ገና የሉበትም። ስካኑን ያደረግኩበትን ወር መጨረሻ ከፈትኩ። አሉበት፤ ፍንጭቷ ተዘግታለች። በሁለቱ መሀል ፍንጭቷ የኖረችበት ጊዜ በሙሉ የለም። ቀሪዎቹንም ከፈትን፤ ያው ነው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ ባሌ።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም።»

ስልኩን አንስቶ ለወንድሜ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ስለሚል ሁሉንም እሰማለሁ። ነገሩን አስረዳው፤ ማለት እንደሚመቸው አድርጎ አስረዳው። ወንድሜ «ስሙ ከዓመት ነው የሚጀምረው አይደል?» አለ።

ባሌ አየኝ። ጣሪያውን አየሁ።

«ከ… ከቀን ነው» አለ ባሌ።

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያውቅ «የማን ፋይል ነው የጠፋው?» ብሎ ጠየቀ። ነገርነው። ሳቁን ዋጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መጥቶ ዲስኩን በሚያውቀው ሁሉ መረመረው። በየማታው በላዩ ላይ ስለተጻፈበት የተረፈ ነገር አልነበረም። ባሌ ለማንም ሳይናገር ተቀምጦ ዓመቱን አስቀደመው። እኔ «ብዬህ ነበር» አልኩት። ትንሽ ቆይቼም ደገምኩት። ጻድቅ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ባሌ ያልሄደበት የለም። ሐኪሙ ጋ ሄዶ የተነቀሉትን ጥርሶች ስጡኝ አለ። ነርሷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የሦስት ወር ቆሻሻ የት ሄዶ እንደሚገኝ የምታውቅ ከሆነ እንድትነግረው ለመናት። ፎቶ ፈለግን። አማቴ በወጣትነታቸው ፎቶ አንሺ ዘንድ የሚኬደው ለቁም ነገር ነበር፤ በሁሉም ፎቶ ላይ አፋቸው እንደ ቦርሳ ተዘግቷል። አንድ ጎረቤት ሲስቁ በስልኳ ያነሳቻቸው ፎቶ ነበረች፤ እሷም ላይ ራሳቸውን ሲያዞሩ ነው፣ ፍንጭቷ ጥላ ሆና ታልፋለች። አጉልቼ አየኋት፤ ባጎላኋት ቁጥር ይበልጥ ጠፋች። ባሌ ባዶውን ግድግዳ፣ ማለትም መስታወቱን፣ አያየውም ነበር እነዚያን ቀናት። ጄሶ ቢኖር ኖሮ ብዬ ለማለት አፌ በልቶኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«ለእማዬ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ።

«አልነግርም» አልኩት።

«በሞቴ።»

«በሞትህም አልነግርም። የዘጋሃት አንተ ነህ።»

ስፌት ቤታቸው ሄድን። አማቴ ከማሽናቸው ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ሻሹ አፋቸው ላይ ነው። ባሌ ሊቀመጥ አልቻለም። ቆሞ፣ ስለ ዲስክ፣ ስለ ቀንና ወር፣ ስለ ሰልፍና ስለ ጥረጋ አስረዳቸው። ረጅም ማብራሪያ ነበር። በዚያ ሁሉ ውስጥ «እኔ» የምትል ቃል አልገባችም። አማቴ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ፍንጭቴን የዘጋት ያ ቀን የምትለው ነው ወይስ አንተ ነህ?»

«…እኔ ነኝ።»

«አሳፍርህ ነበር?»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ ጠይቄ አላውቅም። ባሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያችን ፍንጭት ይዘው ስለ እናቱ ይቀልዱበት እንደነበር አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ እንደ ቀልድ ነበር የነገረኝ። አሁን ከስፌት ማሽኑ ፊት ቆሞ ዓይኑ እንባ ሞላ። ነጭ ጋውን ስላልለበሰ ነው መሰለኝ ትንሽ ልጅ ሆኖ ታየኝ። ስንት ቀን የቋጠርኩት ንዴት እዚያው ከዳኝ።

አማቴ ብዙ አላስጨነቁትም። አቀረቀሩ፣ አንድ ዚፕ ሰፍተው ጨረሱ፣ ክሩን በመቀስ ቆረጡት።

«ቁጭ በል» አሉት። «እኔ ፍንጭቴን በዓይኔ አላውቃትም። ማን መስታወት ሲያይ ይውላል? በምላሴ ነው የማውቃት። አንተ ሥራ፤ እኔ እነግርሃለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን ጥርሶች በጥቂቱ አራርቃለሁ፣ ማሽኗ ትፈለፍላለች፣ ባሌ ያለ ምንም ወሬ ያወለውላል፣ አማቴ አስገብተው በምላሳቸው ይዳስሳሉ። መጀመሪያ ክራቸውን ይዘው መጡ፤ በፍንጭቱ ሲያሳልፉት በሠራነው ሁሉ ያልፋል፤ የዛሬ ክር ቀጭን ነው ብለው ተሳደቡና ጣሉት። ከዚያ በምላስ ብቻ ሆነ። «ሰፋ።» «ጠበበ።» «ከታች ይከፈት፣ ከላይ ይግጠም።» «ኧረ ይሄማ በር ነው!» ባሌ እያንዳንዱን ቃል ይቀበላል። ከፍቅረኝነታችን ጀምሮ እንደዚያ ዝም ብሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ምሳውን ይረሳል። ደንበኛ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው «እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ» ይላል። ሌሊት እንደማይተኛ ከጎኑ ስለምተኛ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተጣሉት ጥርሶች በሰልፍ በሰልፍ ተደረደሩ፤ እያንዳንዱ ስር ትንሽ ወረቀት ላይ ቀን ተጽፏል፤ ዓመቱ ቀድሞ።

ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል፤ «ተገኘች?» ይላል። አልተገኘችም። እኔ ራሴ ሰልችቶኝ ነበር። አማቴ ግን ሳይሰለቹ ይመጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ይከፍታሉ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አዲሱን አስገብተው እንደ ወትሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምላሳቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከወትሮው ቆዩ። ባሌ አጠገባቸው ተንበርክኳል። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡና መጀመሪያ ያዩት ጥርሱን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር፤ ጉንጩን፣ ከዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት፣ የሰፋበትን ሸሚዝ።

«ይቺ ናት» አሉ።

«እውነት? እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ይቺ ናት አልኩህ! የገዛ አፌን ላላውቅ ነው?»

ባሌ ጉልበታቸውን ሳመ፣ እጃቸውን ሳመ፣ እኔንም ሳመኝ። ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ለወንድሜ ሲደውል ከዚያ ድምፁ ይሰማናል፤ «አገኘናት! ልክ እንደነበረች! ምንም አልጠፋም!»

እኔ አማቴን ከፊት ለፊት አየኋቸው። የጎረቤቷን ፎቶ ስንት ጊዜ አጉልቼ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ደብዛዛ ትሁን እንጂ፣ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

«እማ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፤ «በኔ ሞት፣ እውነት ይቺ ናት?»

ኮሪደሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራቱን ስሞክር አውቃት ነበር። ይሄ ሰፋ፣ ይሄ ጠበበ ስል ከእሷ ጋር እያስተያየሁ ነበር። ከዚያ አዲስ ባስገባሁ ቁጥር ምላሴ የፊተኛውን እየረሳ መጣ። አሁን የቱ የኔ እንደነበር፣ የቱ እሱ የሠራው እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ፈለግኳት ፈለግኳት፤ የለችም።»

«ታዲያ ለምን ይቺ ናት አሉት?»

«አላየሽውም እንዴ? ከስቷል እኮ» አሉኝ። ሻሻቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው በጥንቃቄ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ በሩ ሲከፈትም ፈገግ ብለው ጠበቁት።